የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሰዓቱን ከመፈግፈግዎ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ ቡና ነጋዴ ነኝ። አምና ልጄ ከውጭ ሲመጣ ሮሌክስ ሰብማሪነር አመጣልኝ። ሥራ ቦታም አደርገዋለሁ። አሁን መቆለፊያው ጭረት በጭረት ሆኗል። የመጋዘኑ የብረት በር ነክቶትም መስታወቱ ላይ አንድ ነጭ መስመር ወጣ። ወዳጄ በጥርስ ሳሙናና በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ፈግፍገው አለኝ። ለሰው ብሰጠው ደግሞ የውስጥ ዕቃው ይቀየርብኛል ብዬ እፈራለሁ። ምን ይሻላል? (ከመርካቶ፣ ጅማ)

መልስ፦ ጋሼ፣ የልጅዎ ስጦታ ሳጥን ውስጥ ሳይሆን እጅዎ ላይ መዋሉ ደስ ብሎኛል። ስፖንጁን ግን ለጊዜው ያስቀምጡት።

ከመስታወቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ ጭራሽ ላይጫር ይችላል። የሰዓትዎ መስታወት ሳፋየር ነው። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10 ሲሆን ሳፋየር 9 ነው። የበር ብረት ከዚህ በጣም ይለሰልሳል። ስለዚህ የተፋቀው በሩ ሳይሆን አይቀርም፤ እርሳስ ወረቀት ላይ እንደሚተወው መስታወቱ ላይ ትንሽ ብረት ትቶ ነው የሄደው። የተማሪ ላጲስ ይውሰዱና ቀስ እያሉ ይሹት፣ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ጥፍርዎን ሲያሳልፉበት የሚይዝ ከሆነ ግን እውነተኛ ጉዳት ነው። የጥርስ ሳሙና ቀኑን ሙሉ ቢሹበት ሳፋየርን አያለሰልሰውም። ያኔ መስታወቱ ይቀየራል እንጂ አይወለወልም።

ብረቱ ሌላ ጉዳይ ነው። አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በዚያው መለኪያ 7 ገደማ ነው፣ የሰዓቱ ብረት ደግሞ ከዚያ ያንሳል። አቧራ ያለበትን ሰዓት በደረቅ ጨርቅ ሲጠርጉት እየጫሩት ነው ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይጠብ። ጎኑ ላይ ያለችውን መሙያ እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው ይዝጉ፣ ከዚያ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የእጅ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ጭረት የመሰለዎት ነገር ግማሹ እድፍ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ።

ከዚያ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብለው ብረቱን ይዩት። የመቆለፊያውና የሰንሰለቱ ፊት ደብዘዝ ያለ ነው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። የሰዓቱ ጎን ግን እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። እነዚህን ሁለቱን ያልለየ ሰው ነው ሰዓት የሚያበላሸው። እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ የአባቴን ሰዓት ላሳምር ብዬ ማወልወያ ባለው ጨርቅ ሁሉንም እኩል አሸሁት፤ መስመሮቹ ጠፉ፣ ጠርዙም ዶለዶመ፣ ዛሬም ሳየው ያመኛል።

ሊነኩት የሚችሉት ደብዛዛውን ብቻ ነው። የጅማ በርጩማ የሚሠሩትን አናጺዎች አይተው ከሆነ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን የእንጨቱን መስመር ተከትለው ነው የሚስቡት፣ አያቋርጡትም። እዚህም እንደዚያ ነው። የሚያብረቀርቀውን ጎን ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። ስፖንጁ አሁን ይምጣ፤ አዲስ ይሁን፣ አረንጓዴው ሻካራ ፊት ብቻ። መስመሩን ተከትለው፣ ሳይጫኑ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳቡ። ወዲያ ወዲህ አይበሉት። ያቁሙና ይዩ። ቀላሉ ጭረት ከመስመሮቹ ጋር ይዋሃዳል። ጠለቅ ያለውን ይተዉት፤ እሱን ለማጥፋት ዙሪያውን ያለውን ብረት በሙሉ ዝቅ ማድረግ ይጠይቃል፣ የሄደ ብረት ደግሞ አይመለስም። ያገለገለ ሮሌክስ የሚገዙ ሰዎችም ጭረት ካለበት ይልቅ ቅርጹ እስኪጠፋ የተወለወለውን ነው የሚሸሹት።

ለባለሙያ ከሰጡት ደግሞ አጠገቡ ይቀመጡ። ለመቆለፊያና ለሰንሰለት ጭረት ተብሎ የሰዓት ሆድ አይከፈትም። የኋላ ክዳኑን ሊፈታ ከጀመረ ለምን ብለው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ አባቴ ካረፈ በኋላ የ1960ዎቹ ኦሜጋው ለእኔ ደረሰ። ወርቃማ ነው፣ መስታወቱ ግን ደብዝዞ ቁጥሩ በቅጡ አይታይም። በቤት ውስጥ ላስተካክለው እችላለሁ? (ከፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ላንቺ የጥርስ ሳሙናው ይሠራል። የዚያ ዘመን ኦሜጋ ብዙውን ጊዜ መስታወቱ ፕላስቲክ ነው። በጥፍርሽ ነካ ነካ አድርጊው፣ ድምፁ የታፈነና ለስለስ ያለ ከሆነ ፕላስቲክ ነው። ዙሪያውን ያለውን ወርቃማ ብረት በፕላስተር ሸፍኚ። ጄል ያልሆነ ነጭ የጥርስ ሳሙና ጥቂት ጥጥ ላይ አድርገሽ ለአምስት ደቂቃ ያህል ክብ እየሠራሽ እሺው፣ ከዚያ በረጠበ ጨርቅ ጥረጊና እዪው። ካልበቃ ድገሚው። ቧንቧ ስር ግን እንዳታስገቢው! የድሮ ሰዓት ጎማው ደርቆ ስለሚሆን ውሃ ያስገባል።

ወርቁን አትሺው። ወርቅ ቅብ ከሆነ ውፍረቱ የሚለካው በማይክሮን ነው፣ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ትንሽ ካሸሽው ስሩ ያለው ብረት ብቅ ይላል። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል።

የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ። መስታወቱ ከውስጥ ጉም ከያዘ ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ ምድጃ ዳርም አታቅርቢው፣ በዚያው ቀን ሰዓት ሠሪ ጋ ውሰጂው። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም፣ ዝገት ውስጥ ከገባ ሰዓቱን ይገድለዋል።

ማሰሪያው ቆዳ ከሆነና ከተሰነጣጠቀ አዲስ ግዢለት፣ ሰዓቱን ከሁሉ በላይ የሚቀይረው እሱ ነው። ማሰሪያው የሚገባበትን ክፍተት በማስመሪያ ለክተሽ ሂጂ። የድሮው ዘለበት ላይ የኦሜጋ ምልክት ካለ ግን አትጣዪው፣ አዲሱ ላይ እንዲገጥሙልሽ ንገሪያቸው።