ገንዘቡ መቼ ነው የሚደርሰው?

ሰሞኑን ከሀዋሳና ከዙሪያዋ የደረሱኝን ጥያቄዎች ሳገላብጥ አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያርፋሉ፦ መሬቱን የሚንከባከብ ገበሬ ምን ያገኛል? እዚህ ከተማ ቢሮ ከሚውለው ሰው ብዙው አለታ ወንዶ ወይ ዳሌ አለዚያም ቤንሳ አንድ የቡናና የእንሰት ጓሮ አለው፤ በዓል ሲደርስ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ጠያቂዎቹ የገጠር ሰዎች ብቻ ቢመስሏችሁ ተሳስታችኋል። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ አባቴ አለታ ወንዶ ውስጥ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ቡና አለው። ዛፎቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። የልማት ሠራተኛው (ዲኤው) ‹ጎንድሉት› ይላል፤ አባቴ ‹በገዛ እጄ አልቆርጠውም› ብሏል። ጎረቤቶቻችን ነቅለው ጫት ተክለዋል። ለሚጎነድል ሰው የሚከፍል አካል የለም?» — የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሀዋሳ

አባትህን ግትር አትበለው፤ ሂሳቡን አውቆ ነው። ጉንደላ፣ ማለትም ያረጀውን ዛፍ ቆርጦ ማደስ፣ የሚሠራው ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ ነው። ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ቁርጡ ሰያፍ መሆን አለበት፣ አለዚያ ውሃ ይተኛበትና ጉቶው ይበሰብሳል። ከዚያ ቡቃያው እንደ ጎመን ይፈላል። ከዚያ ሁሉ ሁለት ወይ ሦስት ጠንካራ ቡቃያ ብቻ ይተውና ሌላው ይለቀማል። በሦስተኛው ዓመት ቡናው ያፈራል፤ ያውም ካረጀው ዛፍ እጅግ አብልጦ። እስከዚያ ግን ሁለት ባዶ ኅዳር አለ። አባትህ የፈራው እሱን ነው።

እኔ ራሴ የልማት ሠራተኛ ሳለሁ አንድ ታታሪ ገበሬ አግባብቼ ቡናውን በሙሉ በአንድ ዓመት አስጎነደልኩት። ቁርጡ የተዋጣለት ነበር፤ ለጉብኝት የመጡ ሰዎች ሁሉ ፎቶ አነሱት። በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ ስሄድ ጊደሯ በረት ውስጥ የለችም፤ ለልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም ተሽጣለች። በሦስተኛው ዓመት ቅርንጫፉ በፍሬ ጎብጦ አሳየኝ፤ ሳቀም። ጊደሯን ግን አላነሳኋትም፣ እሱም አላነሳት። ምክሬ ትክክል ነበር፣ ግን ጎዶሎ ነበር።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ አዎ፣ የተከፈለበት ቦታ አለ። በይርጋ ጨፌ አካባቢ የውጭ ቡና ገዢ በሚደግፈው ፕሮጀክት ለሚጎነድሉ ገበሬዎች የጥሬ ገንዘብ ማካካሻ ተሰጥቷል። ይህ ግን ፕሮጀክት በገባበት ቀበሌ ብቻ ነው፤ እናንተ ጋ መኖር አለመኖሩን የወረዳው ቡና ጽሕፈት ቤትና ማኅበራችሁ ያውቃሉ። ከሌለ ማካካሻውን ከጓሮው ማውጣት ነው። ቡናውን ሦስት ቦታ ከፍላችሁ በየዓመቱ አንዱን ብቻ ጎንድሉ። ጥላው ሲገፈፍ መሬቱ ፀሐይ ያገኛልና በጉቶዎቹ መካከል ቦሎቄ ዝሩ። ግንዱም የዓመት ማገዶ ይሆናችኋል። እንሰቱ ካለ ሆዳችሁ አይጎድልም፤ የሚጎድለው ጥሬ ብሩ ነው።

ስለ ጫቱ ጎረቤቶቻችሁን አትፍረድባቸው። ጫት በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይቆረጣል፤ በተቆረጠ ቁጥር ብር እጅ ይገባል። ቡና ግን በዓመት አንዴ ነው የሚከፍል። ስለ ጥላ ዛፍና ስለ አፈር ስብሰባ ጠርተን የምናስተምር ሁሉ ይህችን ልዩነት ዘልለን ነው የምንናገረው።

«የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ነኝ። ‹ፌርትሬድ ነን፣ ኦርጋኒክ ነን› ይባላል፤ መድኃኒት አልረጭም፣ ማዳበሪያም አልጨምርም። ፕሪሚየሙ የት ገባ?» — ቡና አቅራቢ፣ ዳሌ

እስቲ አብረን እናስላው፣ አባቴ። የፌርትሬድ (የፍትሐዊ ንግድ ምስክር ወረቀት) ፕሪሚየም፣ ማለትም ከቡናው ዋጋ በላይ የሚከፈለው ጭማሪ፣ በአንድ ፓውንድ ጥሬ ቡና 20 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ በኪሎ ሲሆን 44 ሳንቲም ግድም። አንድ ኪሎ የታጠበ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ይፈልጋል። እርስዎ መፈልፈያው ጋ ለሚያስመዝኑት አንድ ኪሎ እሸት እንግዲህ የሚደርሰው ሰባት የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ነው። ለኦርጋኒክ በፓውንድ 40 ሳንቲም ይጨመራል፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 በፊት 30 ነበር። እሱም ወደ እሸት ሲመለስ 15 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። ጨዋታ አይደለም፣ ግን የሀብት መንገድም አይደለም።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ይህ የሚከፈለው በዚያ ውል ለተሸጠው ቡና ብቻ ነው፤ ማኅበሩ ምስክር ወረቀት ይዞ ግማሹን በተራ ገበያ ሸጦ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ፕሪሚየሙ የማኅበሩ ነው፤ ለመንገድ ይዋል፣ ለትምህርት ቤት ወይ ለአባላት ይከፋፈል የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ከ20ው ሳንቲም ቢያንስ አምስቱ ግን ለምርታማነትና ለጥራት እንዲውል ደንቡ ያዛል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጉባኤ «ፕሪሚየሙ የት ገባ?» ብለው አይነሱ፤ «እናጣራለን» ብለው ያስቀምጡዎታል። ይልቅ ዘንድሮ በፌርትሬድ ውል ስንት ኩንታል እንደተሸጠ፣ በዚያ ስንት ብር እንደገባና ወጪውን የወሰነው የትኛው ቃለ ጉባኤ እንደሆነ ይጠይቁ። እኔ አባል ብሆን አንድ ነገር እጨምር ነበር፦ የሚከፋፈል ካለ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይከፈለን፣ ከትምህርት ቤት ምዝገባ በፊት።

«ስልክ የያዙ ልጆች መጥተው የእናቴን የቡና ማሳ ‹ነጥብ ያዝን› ብለው ሄዱ። እናቴ ‹ግብር ሊጨምሩብኝ ነው› ብላ እንቅልፍ አጥታለች።» — ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ

እንቅልፏን ትተኛ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተገኘ መሬት የመጣ ቡና ገበያዬ አይገባም የሚል ሕግ አውጥቷል። የሕጉ መጀመሪያ ቀን ቢገፋም ገዢዎች የየማሳውን መገኛ ከወዲሁ እየሰበሰቡ ነው። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የካርታ ነጥብ (የጂፒኤስ መገኛ) ይበቃል፤ የእናትሽም የተወሰደው በዚሁ ይመስላል። ለማንኛውም ልጆቹ ከየትኛው ማኅበር ወይ ላኪ ድርጅት እንደመጡ ቀበሌው ጋ ጠይቂ። ለዚህ የሚከፈላት ነገር የለም፤ ቡናዋ ገበያ እንዳይዘጋበት ነው። ክፍያ ቢኖረውም ጥሩ ነበር፣ የገዢው ሥራ በገበሬው ጊዜ ነው የሚሠራው።

«አንድ ሰውዬ ሰብስቦን ‹ዛፍ ለምትጠብቁበት በዶላር ይከፈላችኋል፣ እዚህ ላይ ፈርሙ› አለን። ካርቦን የሚባለው ነገር እውነት ነው ወይስ ማታለያ?» — ቦሪቻ

ካርቦኑ እውነት ነው፦ ዛፍ እያደገ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን የሚከፍል ገዢ አለ። ሰውየውን ግን አላውቀውም። ማስረጃውን ለማየት ሩቅ አትሂዱ፣ ወላይታ ሁምቦ ይበቃል። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከከብትና ከከሰል አክሳይ ተከልሎ በሰባት ማኅበራት እጅ እንደገና ደን ሆኗል። አብዛኛው ችግኝ እንኳ አልተተከለበትም፤ መሬት ውስጥ በሕይወት ከቆየው ጉቶ የወጣውን ቡቃያ እየመረጡና እየገረዙ ነው ያሳደጉት። የዓለም ባንክ የሚያስተዳድረው ፈንድ 165,000 ቶን ካርቦን ለመግዛት ተዋዋለ። ማኅበራቱ ከገንዘቡ ወፍጮና የእህል መጋዘን ሠርተውበታል።

አሁን ዓመቱን ተመልከቱ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ክፍያ የደረሰው በ2010 ነው። አራት ዓመት! በዚያ መካከል ሰዉን ተራራው ላይ ያቆየው ዶላር ሳይሆን ሣር ነው፦ አጭዶ ለከብት፣ ለጣሪያ ክዳንም። ከግርዛቱ የሚወድቀውም ጭራሮ ለማገዶ ሆነ።

ስለዚህ ሰውየውን፣ የመጀመሪያው ብር በስንተኛው ዓመት ይመጣል? እስከዚያስ ከተከለለው መሬት ምን እንድንወስድ ይፈቀድልናል? ውሉ ለስንት ዓመት ያስረናል? ደኑ ቢቃጠል ኪሳራው የማን ነው? በሉት። ወረቀቱን በሲዳሙ አፎ ካልሰጣችሁ አትፈርሙ። «መመዝገቢያ» ብሎ ከእናንተ ብር ከጠየቀ ግን ጥያቄም አያስፈልገው፣ መንገዱን አሳዩት።

«ጥርና የካቲት እርከን እንሠራለን፣ በነፃ። ጎን ለጎን የሚቆፍረው የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ግን ይከፈለዋል። አካፋው አንድ፣ ተራራው አንድ። ይህ እንዴት ነው?» — ሎካ አባያ

ቅሬታህ ተገቢ ነው። ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ የሚመለምለው የምግብ ክፍተት ያለበትን ቤተሰብ ነው፤ ሥራውም በሰው በወር አምስት ቀን ነው። የሚከፈለው ለአካፋው ሳይሆን ለክፍተቱ ነው ይባላል። በወረቀት ላይ ያስኬዳል፣ ተራራው ላይ ግን አያስኬድም፤ ምክንያቱም አንተም ከሰኔ ወዲህ ክፍተት አለብህ፣ መዝገብ ላይ አልሰፈረም እንጂ።

እኔ የምመክርህ በእርከኑ ጠርዝ ላይ ደሾ ሣር እንድትተክል ነው። የራሳችን ሣር ነው፣ ሥሩ አፈሩን ይዞ ያስቀራል፤ በዚያው ክረምት ማጨድ ትጀምራለህ። ከብት ከሌለህ እንኳ ለሚያደልብ ጎረቤት ነዶው ይሸጣል፤ ቁርጥራጩን ለተከላ የሚፈልግም አይጠፋም። ባዶ እርከን ግን በሁለተኛው ክረምት ይደረመሳል። የፈረሰ እርከን በየዓመቱ «አዲስ ተሠራ» ተብሎ ሲቆጠር ስንቴ አይቻለሁ።

«ሐይቁ ዳር ትንሽ ንግድ አለኝ። ላይኛው ገበሬ እርከን እንዲሠራ እኔ ለምን ልክፈል? እሱ ለራሱ ማሳ አይደል?» — አሞራ ገደል

ለሐይቁም ነው፣ እህቴ። የሀዋሳ ሐይቅ መግቢያ እንጂ በገጽ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ የገባ ደለል ተቀማጭ ነው። ክረምት ከበጋ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። ጥቁር ውሃ ሐይቁ ሳይደርስ የሚያልፍበት ጨለለቃ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ሐይቅ ነበር። ዛሬ ከብት ይግጥበታል። ሰኔ ላይ ድልድዩ ጋ ቆመሽ የውሃውን ቀለም እዪው፤ ያ ቀለም የአንድ ሰው የበቆሎ ማሳ ነው። በአንድ አልጋ፣ በአንድ የጀልባ ጉዞ ላይ ጥቂት ብር ተጨምሮ ላይኛው ተፋሰስ ቢደርስ አንቺም ዓሣሽ አይርቅም። ችግሩ ብሩ መንገድ ላይ እንዳይቀር ነው፤ ሒሳቡ በየዓመቱ ገበያ ላይ ካልተለጠፈ እኔም አልከፍልም።

«ለዩሪያ ድጎማ አለ፤ ኮምፖስት ለሚሠራ ግን ምስጋና ብቻ። ፍትሐዊ ነው?» — ቱላ

አይደለም፤ ግን ሚዛኑንም እንይ። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። ኮምፖስት ከመቶ አንድ ቢይዝ ነው፤ ያንኑ ያህል ለማግኘት ወደ 46 ኩንታል ይሆናል። በእርግጥ ኮምፖስት ዩሪያ የማይሰጠውን ሁሉ ለአፈሩ ይሰጣል። ነገር ግን 46 ኩንታል ማን ይሸከማል? ደጃፍ ያለው እንሰት ፍጉን ጠግቦ ይኖራል፤ ቁልቁለት ማዶ ያለው በቆሎ አንድ ቅርጫት አይደርሰውም፤ ከደረሰውም በሴቶች ጀርባ ነው። ድጎማውን የምመድበው እኔ ብሆን የአህያ ጋሪ እገዛበት ነበር።