መሪውን ሳይዙ ጀልባን በአቅጣጫዋ ማቆየት

ወደ ነፋሱ ተጠግተው ሲጓዙ የመሪውን እጀታ ለአፍታ ቢለቁት የጀልባዎ አፍንጫ ወዲያውኑ ወደ ነፋሱ እንደሚዞር፣ ክንድዎም እስኪዝል ድረስ እንደሚታገሉ ገልጸው፣ ያለ ኤሌክትሪክ መሣሪያ አቅጣጫዋን እንድትጠብቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ ነገር ግን መሪውን ትተው ከሸራው ይጀምሩ።

እኔም በዚሁ ችግር የመጀመሪያውን ዓመት ምሰሶውን ጥቂት በጥቂት ወደ ፊት በማዘንበል አሳልፌዋለሁ፤ ያገኘሁት ለውጥ ግን ኢምንት ነበር። አንድ ቀን ነፋሱ በርትቶ ዋናውን ሸራ ለማሳጠር ብገደድ፣ እጀታው በሁለት ጣት የሚያዝ ሆነ፤ ፍጥነታችንም አልቀነሰም። ጥፋቱ የምሰሶው ሳይሆን ጀልባዋን ከመጠን በላይ አጋድሜ የምነዳው የእኔ ነበር።

ነፋሱ በሸራዎቹ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በአንድ ነጥብ እንደተሰበሰበ ቢታሰብ፣ ውኃው ከጀልባዋ ሥር የሚያሳየው የጎን ተቃውሞም የራሱ ነጥብ አለው፤ የሸራው ነጥብ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዞራል፣ ወደ ፊት ሲቀድም ከነፋሱ ይሸሻል። ጀልባዋ ስትጋደም ደግሞ ሸራው ከጎኗ አልፎ በውኃው ላይ ስለሚንጠለጠል፣ ግፊቱ ከጎን እንደሚገፋ ረጅም ዘንግ ሆኖ ወደ ነፋሱ ያዞራታል። ስለዚህ አስቀድመው ዋናውን ሸራ ወጥረው ጠፍጣፋ ያድርጉት፣ ገመዱን በጥቂቱ ያላሉለት፣ ካልበቃም ያሳጥሩት። ብዙዎች ተቻኩለው የፊተኛውን ሸራ ያወርዳሉ፤ ይህ ግን ግፊቱን ወደ ኋላ ስለሚያሸሸው ችግሩን ያባብሰዋል። ከፊት የተቀመጡ ሰዎች ካሉም ወደ መሐልና ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን ይዛወሩ፤ አፍንጫዋ ውኃ ውስጥ ሲጠልቅ በቀላሉ ወደ ነፋሱ ትዞራለችና።

ወደ ነፋሱ የመዞር ዝንባሌዋን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ግን አይመከርም። መሪው ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ያህል ቢጎተት መልካም ነው፤ እጀታው ቢያመልጥዎ እንኳ ጀልባዋ ወደ ነፋሱ ዞራ ትቆማለች። ከዚያ ሲበልጥ መሪው ፍሬን ይሆናል። ሚዛኑ ሲገኝ እጀታውን በዚያው ቦታ በገመድ ማሰር ይቻላል። እኔ ከዋናው ሸራ ገመድ አንድ ቅጥያ በመዘውር አሳልፌ ነፋሱ ከሚመጣበት ጎን ከእጀታው ጋር አስራለሁ፤ በተቃራኒው ጎን ደግሞ የሚለጠጥ ጎማ አደርጋለሁ። ነፋሱ ድንገት ሲበረታ ገመዱ ይወጠርና እጀታውን ስቦ አፍንጫዋ ከነፋሱ እንዲርቅ ያደርጋል፤ ሲረግብ ጎማው ይመልሰዋል። የጎማውን ውጥረት ለማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ብቻውን በሸራ ጀልባ ዓለምን የዞረው መርከበኛ ጆሹዋ ስሎከም በ1897 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከአውስትራሊያ ሰሜናዊ ጫፍ አጠገብ ካለው ተርስዴይ ደሴት እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ኮኮስ ደሴቶች 2,700 ማይል ያህል በ23 ቀናት ሲጓዝ፣ መሪው ላይ ያሳለፈው ጊዜ በጠቅላላ ከሦስት ሰዓት እንዳልበለጠ ጽፏል። ይሁንና «ስፕሬይ» የተባለችው ጀልባው ከሥሯ በቁመቷ የተዘረጋ፣ አቅጣጫዋን የሚያጸና ረጅም የታች አከርካሪ ነበራት። ከሥሯ አጭርና ጠባብ ክንፍ ብቻ ያላት የዘመኑ ጀልባ፣ በተለይ ነፋሱ ከኋላ ሲነፍስና ማዕበሉ ጅራቷን ሲገፋ፣ በሸራ ሚዛን ብቻ ረጅም ርቀት አትሄድም፤ ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ዋናውን ሸራ አውርዶ ሁለት የፊት ሸራዎችን በግራና በቀኝ በዘንግ መዘርጋት የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።