ቲነር በሃይላንድ ጠርሙስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የብረትና የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ቲነርና ቤንዚን የማስቀምጠው ጥግ ላይ ነው፤ ከብየዳው አምስት እርምጃ ይርቃል። ክዳኑ እስከተዘጋ ድረስ ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ አለው። እኔ በአንድ ጋራዥ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ ስሠራ ቲነር በሃይላንድ ጠርሙስ እናስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን አንድ የቀን ሠራተኛ ውሃ መስሎት አነሳው። ከንፈሩን እንደነካው ተፋው። ቢውጠው ኖሮ ብዬ ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። ስለዚህ ከመጣበት ቆርቆሮ አታውጣው፤ ስሙም ይጻፍበት።

ወደ ብየዳው ስንመለስ፣ የሚነደው ትነቱ ነው። የቤንዚንና የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል። መሬት ለመሬት ይሳብና ፍንጣሪ ሲያገኝ እሳቱ ወደ ቆርቆሮው ይመለሳል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል፤ የኮምቦልቻን ቀትር አስበው! አምስት እርምጃ ምንም ማለት አይደለም። ከቤቱ ውጭ፣ ጥላ ያለው፣ ከታችም ከላይም አየር የሚገባው ቦታ አዘጋጅለት። ወደ ውስጥ የዕለቱን ብቻ አስገባ።

ጨርቁንም አትርሳ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱ ሞቆ ይነዳል። ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ውሃ አድርገህ ክተተው።

እሳት ቢነሳ ውሃ አትድፋበት፤ ቤንዚኑ ተንሳፎ እሳቱን ያሰራጨዋል። የዱቄት ማጥፊያ በሩ አጠገብ ስቀል።