ግብፅን ከአስዋን ጀምሩ፣ ካይሮን ለመጨረሻ ተዉት

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። በጥር ወር ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ለ10 ቀን ግብፅ ልንሄድ አስበናል። ያወጣሁት ፕሮግራም ካይሮ፣ እስክንድርያ፣ ተመልሰን ካይሮ፣ ከዚያ ሉክሶር፣ አስዋን፣ አቡ ሲምበል፣ በመጨረሻም ለእረፍት ሁርጋዳ ባሕር ዳር ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። እስክንድርያን የጨመርኩት ለእሷ ብዬ ነው፤ «ማርቆስን ሳልሳለም አልመለስም» ብላለች። ይበዛ ይሆን?
(ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ይበዛል፣ ወንድሜ። ፒያሳ ቲኬት ቢሮ በምሠራበት ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ብዙ ነበር። ከተማው ሁሉ በተርታ ይጻፋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲኬድ የሚባክነው ጊዜ ግን የትም አይጻፍም። ሻንጣ መሸከፍ፣ ሆቴል መልቀቅ፣ ጣቢያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ፣ እንደገና ክፍል መረከብ አለ። ከተማ በቀየራችሁ ቁጥር ቢያንስ ግማሽ ቀን ሄደ በሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይዞ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ሁርጋዳን ሰርዙት። ባሕር መዋኘት ያማረው ሰው ሌላ ጊዜ ለዚያ ብቻ ይሂድ።

የእስክንድርያን ነገር ግን እንዲሁ አላልፈውም፣ የእናት ስለት ነውና። መንበሩ በስም የእስክንድርያ ይባል እንጂ ፓትርያርኮቹ መቀመጫቸውን ወደ ካይሮ ያዛወሩት በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ካይሮ አባሲያ ሰፈር ያለው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል በ1960 ዓ.ም ሲመረቅ ጃንሆይ ራሳቸው ከፕሬዚዳንት ናስር ጋር ተገኝተዋል፤ በዚያው ሰሞን ከቬኒስ የተመለሰው የቅዱሱ ዐፅም ከፊልም ያረፈው እዚያው ነው። እናትዎ ማርቆስን የሚሳለሙት ካይሮ ላይ ነው ማለት ነው፤ ለእስክንድርያ ደርሶ መልስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መኪና ውስጥ መቀመጥ አይጠበቅባቸውም። ይህን ነግረዋቸው አሁንም እስክንድርያ ካሉ ግን አይከራከሯቸው፣ ይውሰዷቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የእርስዎ ፕሮግራም ከካይሮ ይጀምራል፤ እኔ ገልብጬዋለሁ። ካይሮ እንደደረሳችሁ ኤርፖርት አጠገብ አንድ ሌሊት እደሩና በማግሥቱ በአገር ውስጥ በረራ በቀጥታ አስዋን ሂዱ። ከዚያ በኋላ ዐባይ በሚፈስስበት አቅጣጫ ከአስዋን ወደ ሉክሶር፣ ከሉክሶር ወደ ካይሮ መመለስ ነው። የመጨረሻ ከተማችሁ የመመለሻ አውሮፕላናችሁ የሚነሣበት ከተማ ሆነ ማለት ነው፤ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢዘገይ እንኳ በረራው አያመልጣችሁም። ደግሞም የካይሮ ትርምስ ገና ያልለመደን ሰው በመጀመሪያው ቀን ያደክማል፤ አስዋን ግን ጸጥ ያለ ከተማ ነው።

አስዋን ሁለት ሌሊት ይበቃል። የፊሌ ቤተ መቅደስ በጀልባ የሚደረስበት ደሴት ላይ ነው፤ ከአስዋን ግድብ ውሃ ለማዳን ከነበረበት ተነቅሎ አጠገቡ ወዳለው አጊልኪያ ደሴት የተዛወረ ነው። እናትዎ ግድግዳውንና ዓምዱን ልብ ብለው ይዩ፣ ክርስቲያኖች ቤተ መቅደሱን ቤተ ክርስቲያን ባደረጉት ጊዜ የቀረጿቸው መስቀሎች በጣዖታቱ ሥዕሎች መካከል ይታያሉ። ከዐለት የተፈለፈሉት የራምሴስ 2ኛ ቤተ መቅደሶች ያሉበት አቡ ሲምበል ግን ከአስዋን ወደ 280 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መኪኖቹ ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚነሡት። እርስዎና ባለቤትዎ ከፈለጋችሁ ተራ ገብታችሁ ሂዱ፣ አንዳችሁ ከእናትዎ ጋር ቆዩና ከሰዓት በኋላ በሸራ ጀልባ ወንዙ ላይ ተንሸራሸሩ።

ከአስዋን ሉክሶር በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው። የጉዞው እምብርት እዚህ ነው፣ ሦስት ሌሊት ስጡት። ካርናክ በሚባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ውስጥ 134 ዓምዶች የቆሙበት አዳራሽ አለ፤ ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ግቡ፣ ቱሪስት ሳይሞላው። ከካርናክ ወደ ሉክሶር ቤተ መቅደስ የሚወስደው፣ ግራና ቀኙ ስፊንክስ የተደረደረበት ጥንታዊ መንገድ በኅዳር 2014 ዓ.ም ዳግም ተከፍቷል። ርዝመቱ 2.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመስቀል አደባባይ በእግር አራት ኪሎ እንደመድረስ ነው፣ ዳገቱ ባይኖርም። ለእናትዎ ታክሲ ያዙላቸው።

ከወንዙ ማዶ፣ በምዕራቡ በኩል፣ የነገሥታት ሸለቆ አለ። አጠቃላዩ ትኬት ሦስት መቃብር ያስገባል፤ የወጣቱ ንጉሥ የቱታንካሙን ለብቻ ይከፈላል። የቱትሞስ 3ኛ መቃብር ደረጃ ተወጥቶ እንደገና ወደ ጥልቅ የሚወረድበት ስለሆነ ለጉልበት አይሆንም። የራምሴስ 4ኛ ግን ሰፊ ነው፣ ቁልቁለቱም አያስቸግርም፤ እናትዎን እዚያ ይዘው ይግቡ።

በዚያው ቀን ወደ ንግሥት ሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ስትሄዱ አንድ ነገር አደራ። አስጎብኚዎች ወደ ላይኛው እርከን ይጣደፋሉ፤ እናንተ መካከለኛው እርከን ላይ ቁሙና ፊታችሁን ወደ ሕንፃው አዙራችሁ በስተግራ ወዳለው የዓምድ ረድፍ ግቡ። ንግሥቲቱ ከ3,500 ዓመት ገደማ በፊት ፑንት ወደሚባለው አገር የላከችው የመርከብ ጉዞ ግድግዳው ላይ ተቀርጿል። የዕጣን ዛፎች ከነሥራቸው ተነቅለው ሥራቸው ቅርጫት ውስጥ ገብቷል፤ ሰዎች በእንጨት አንጠልጥለው በትከሻቸው ወደ መርከቡ ያወጧቸዋል። በቋሚ እንጨቶች ላይ የተሠሩ፣ በመሰላል የሚወጣባቸው ጎጆዎች አሉ። ዝንጀሮዎቹም ጭነቱ ላይ ናቸው። ፑንት የት እንደነበረ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ፤ ብዙዎቹ ግን ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደዚሁ ወደ እኛ ቀጣና፣ ወደ ኤርትራ፣ ሰሜን ኢትዮጵያና ምሥራቅ ሱዳን ነው። እንግዲህ የእኛ ሰው እዚያ ግድግዳ ፊት ሩብ ሰዓት ሳይቆም ቢመለስ እቀየመዋለሁ።

ቀሪው ጊዜ የካይሮ ነው። ቦታዎቹን በሰፈር አጣምሯቸው። ፒራሚዶቹና በጥቅምት 2018 ዓ.ም በይፋ የተመረቀው ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ጊዛ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ስለሆኑ አንድ ቀን ይበቃቸዋል። የቱታንካሙን ዕቃ የሚታየው እዚህ ሙዚየም ውስጥ ነው። ሉክሶር ላይ ያቺን ጠባብ መቃብር አስቀድሞ ያየ ሰው፣ ይህ ሁሉ ወርቅ በዚያች ክፍል ታጭቆ እንደነበር ሲያስብ ይገረማል፤ ካይሮን ወደኋላ የገፋሁበት ሌላው ምክንያትም ይኸው ነው። በሌላው ቀን ጥንታዊው የክርስቲያኖች ሰፈር ነው። በሜትሮ ማር ጊርጊስ ጣቢያ ወርዳችሁ የተንጠለጠለችውን ቤተ ክርስቲያንና ቅድስት ቤተሰብ በስደት ያረፈችበት የሚባለውን አቡ ሰርጋን ተሳለሙ። የነገሥታቱ አስከሬን ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ የሚገኝበት የሥልጣኔ ሙዚየም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሜትሮው ለሴቶች ብቻ የተለዩ ፉርጎዎች ስላሉት እናትዎና ባለቤትዎ ከግፊያ ይድናሉ።

ከአዲስ አበባ መሆናችሁን ያወቀ የታክሲ ሹፌር የግድቡን ወሬ ማንሣቱ አይቀርም። ስለ ኑሮ ውድነት ጠይቁት፣ ወሬው ወዲያው ይዞራል።

ስለ ወረቀቱም ጉዳይ፦ ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት አትቁረጡ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ያልተከተበ ሰው ካለ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ይከተብ። ዋና ዋናዎቹ የቅርስ ቦታዎች ትኬት የሚሸጡት በካርድ ስለሆነ ውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ አስቀድማችሁ አዘጋጁ፣ ጥሬ ዶላር ብቻ ይዞ መሄድ በር ላይ ያስቀራል። ከአስጎብኚ ጋር ስትቀጣጠሩ ደግሞ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር በቁጥር ጻፉለት። የእኛ የጠዋት 12 ሰዓት ለእሱ እኩለ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ግብፅ የምንሄደው በጾመ ነቢያት ነው። የጾም ምግብ እናገኛለን?
(ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ሞልቷል። ኮፕቶችም በዚያው ሰሞን ይጾማሉ፤ ምግብ ቤት ገብታችሁ «ሲያሚ» ካላችሁ የጾም እንደፈለጋችሁ ያውቃሉ። ፉል፣ ከባቄላ የሚጠበሰው ጣሚያ፣ ሩዝና ፓስታ ከምስርና ከተጠበሰ ሽንኩርት ጋር የሚቀርብበት ኩሻሪ በየመንገዱ አለ፣ ርካሽም ነው። ፉሉ ላይ ቅቤ ወይም እንቁላል የሚጨምሩ ቤቶች ስላሉ ግን ስታዙ አስቀድማችሁ ተናገሩ።