ጥያቄና መልስ፦ የድብልቅ ጥያቄዎችን በአልጀብራ መፍታት

ጥያቄ፦ ኪሎው 150 ብር የሆነ ጤፍና ኪሎው 80 ብር የሆነ ማሽላ ተደባልቀው ኪሎው 122 ብር የሚያወጣ አንድ ኩንታል እህል እንዲገኝ ከየዓይነቱ ስንት ኪሎ ያስፈልጋል? እኩልታውን ከምን እንደምጀምር ግራ ይገባኛል።

መልስ፦ የሚጀመረው ከጠቅላላ ዋጋ ነው። 150ንና 80ን መደመር ትርጉም የለውም፤ የጤፉ ሙሉ ዋጋና የማሽላው ሙሉ ዋጋ ሲደመሩ ግን የኩንታሉን ዋጋ ይሰጣሉ። የጤፉን ኪሎ «ሀ» ካሉት፣ ኩንታሉ 100 ኪሎ ስለሆነ ማሽላው 100 − ሀ ይሆናል፤ ስለዚህ 150ሀ + 80(100 − ሀ) = 12,200 ብለው ይጽፋሉ። ሲቃለል 70ሀ = 4,200 ይሆንና ጤፉ 60፣ ማሽላው 40 ኪሎ ሆኖ ይገኛል። መልሱን መልሰው ያስገቡት፦ 9,000 + 3,200 = 12,200።

ጥያቄ፦ 5 በመቶ የሆነ 1 ሊትር በረኪና ወደ 0.5 በመቶ እንዲቀጥን 10 ሊትር ውኃ ያስፈልገዋል ብዬ መለስኩ፤ ስሕተት ነው ተባልኩ። ለምን?

መልስ፦ 10 ሊትር የሚሆነው ውኃውና በረኪናው አንድ ላይ ስለሆነ ነው። ይህ በተማሪዎች ደብተር ላይ ደጋግሜ የማገኘው ስሕተት ነው፤ ምንጩም ውኃ ሲጨመር የሚለወጠውንና የማይለወጠውን አለመለየት ነው። በመቶኛው ይወርዳል፣ ጠቅላላው መጠን ይጨምራል፣ በውስጡ ያለው ንጹሕ ኬሚካል ግን ባለበት ይቆያል። እኩልታው የሚቆመው በዚህ በማይለወጠው ላይ ነው፦ 0.05 × 1 = 0.005(1 + ሀ)፤ ከዚህም 1 + ሀ = 10፣ ሀ = 9 ሊትር ውኃ።

ጥያቄ፦ 20 በመቶና 30 በመቶ የሆኑ ሁለት የጨው ውኃዎችን ቀላቅዬ 40 በመቶ የሆነ 10 ሊትር ለማግኘት ስሞክር፣ የ20 በመቶውን ሊትር «ሀ» ብዬ ሀ = −10 ወጣ።

መልስ፦ ስሌትዎ ትክክል ነው። የድብልቁ በመቶኛ ሁልጊዜ በሁለቱ መካከል ስለሚውል 40 ሊገኝ አይችልም፤ አሉታዊው ቁጥር የሚነግርዎት ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ 1 ሊትር 96 በመቶ አልኮል ወደ 70 በመቶ ለማውረድ 371 ሚሊ ሊትር ውኃ ለክቼ ብጨምር ይበቃል?

መልስ፦ በፈተና ወረቀት ላይ አዎን፤ 960 ÷ 0.7 ወደ 1,371 ስለሚጠጋ። በቤተ ሙከራ ግን አልኮልና ውኃ ሲቀላቀሉ ይዘታቸው ከድምራቸው ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ ውኃውን ለብቻው ከመለካት ይልቅ፣ አልኮሉ ባለበት መለኪያ ላይ ጠቅላላው 1,371 ሚሊ ሊትር እስኪደርስ ድረስ ውኃ ይጨምሩ።