ሶልሻየር ቤንች አሟቂ ብቻ ነበር እንዴ?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ሰነበቱ? ቡሬ ነው ያለሁት፣ ባጃጅ ነው የምሰራው። ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ኳስ እያየን ከአንድ አርሴናል ጓደኛዬ ጋር ተጨቃጨቅን፣ የማንችስተር ዩናይትዱ አጥቂ ሶልሻየር ማለት ቤንች አሟቂ ነው፣ ያቺ በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ባየርን ላይ ያገባት ጎል ባትኖር ማን ያውቀው ነበር ይላል፣ እኔ ደግሞ ማንቼ ነኝና በአንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ተወራረድን። እርስዎ ይፍረዱን።

መልስ፦ ሥጋውን እዘዝ ወንድሜ፣ ከፋዩ እሱ ነው። ሰውየው ለማንቼ 366 ጨዋታ ተጫውቶ 126 ጎል አግብቷል፣ ከነዚህ ተቀይሮ ገብቶ ያገባቸው 28 ናቸው፣ ቀንሰው እንግዲህ፣ 98ቱን ከመጀመሪያው ተሰልፎ ነው ያገባው። በፈረንጅ 1996 ከኖርዌዩ ክለብ ሞልደ በ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሲመጣ ማንም አያውቀውም፣ ያኔ ወሬው ሁሉ ስለ እንግሊዛዊው አጥቂ፣ ሺረር ሺረር ነበር። ልጁ ግን ብላክበርን ላይ ተቀይሮ በገባ በስድስት ደቂቃ አገባ፣ በዚያው ሲዝን በሊጉ 18 አግብቶ የቡድኑ አንደኛ ጎል አግቢ ሆነ።

ጓደኛህ ጭራሽ ዋሸ ግን አልልም። ቤንቹ ትምህርት ቤቱ ነበር፣ ቁጭ ብሎ ተከላካዮቹ የቱ ጋ እንደሚከፍቱ ያያል። 1999 ኖቲንግሃም ፎረስትን 8 ለ 1 ሲያሸንፉ መጨረሻ ላይ ገብቶ ብቻውን 4 አገባ! በዚያው ዓመት ካምፕ ኑ ላይ ከባየርን ጋር በተደረገው ፍጻሜም በ81ኛው ደቂቃ ነው ኮልን ቀይሮ የገባው፣ ሼሪንግሃም አቻ አደረገ፣ ወዲያው ሌላ ኮርና፣ ቤካም አሻማ፣ ሼሪንግሃም በጭንቅላት ጨረፋት፣ እሱ ቀኝ እግሩን ብቻ ዘረጋ፣ ኳሷ መረቡ ጣሪያ ላይ። ሪፕሌዩን ስንቴ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ለኔ ከዚያች ጎል እኩል የሚገርመኝ 1998 ኒውካስል ላይ ያደረገው ነው፣ 1 ለ 1 እያሉ ሮብ ሊ ብቻውን ወደ ጎል ሲሮጥ ይሄ ስትራይከር ሜዳውን አቋርጦ ደርሶ ጠለፈው፣ ቀይ እንደሚያይ እያወቀ! ደጋፊው አጨብጭቦ ነው የሸኘው።

ከ2003 ጀምሮ ጉልበቱ አሰቃየው፣ 2007 ጫማውን ሰቀለ። ለኖርዌይም በ67 ጨዋታ 23 አለው።

አሰልጣኝነቱን ካነሳብህ ግን፣ ማንቼን ከ2018 እስከ 2021 ይዞ አንድ ዋንጫ የለም፣ እዚያ ላይ ዝም ብለህ ሥጋህን ብላ።