አንባቢ ይጠይቃል፦ ቲቸር ሲሾም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ሲቪል ምህንድስና አስተምራለሁ፤ ሌክቸረር ነኝ፤ ሦስተኛ ዲግሪዬንም ጀምሬአለሁ። ሰሞኑን በከተማ አስተዳደር ደረጃ የመሠረተ ልማት ዘርፍ ኃላፊ ሁን ተባልኩ። እናቴ ከአሁኑ "ሹመት ያዳብር" እያለች ትመርቀኛለች። ባለቤቴ ደግሞ "አርፈህ ትምህርትህን ጨርስ" ባይ ናት። ማስተማር እወዳለሁ። ግን በየክረምቱ የሚደረመሰውን የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ባየሁ ቁጥር "እኔ ብሆን እኮ" ማለቴ አይቀርም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እንደምን አለህ ወንድሜ። ከቦዩ ልጀምር፤ ምክንያቱም ልብህ ያለው እዚያ ነው።

ቦዩ ዳር ቆመህ ስታየው ስሌቱን የተሳሳተ ሰው ያለ ይመስልሃል። ብዙ ጊዜ ግን የተሳሳተው ስሌቱ አይደለም። የአገራችን በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጨረታው እስኪወጣ፣ ሰነዱ እስኪመላለስ፣ ወሰን ማስከበሩ እስኪያልቅ፣ ቅድመ ክፍያው እስኪለቀቅ በጋው ያልፋል። ከዚያ ግንቦትና ሰኔ ላይ "በጀቱ ሊቃጠል ነው" ይባልና ቁፋሮ ይጀመራል፣ ልክ ዝናቡ ሲገባ። የአካባቢያችንን ዋልካ አፈር ደግሞ ለአንተ አልነግርህም፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጭቃ ሆኖ ሳለ ጠቅጥቄ አጠነክረዋለሁ ብትል እሺ አይልም። ይህንን ቢሮ ያለው መሐንዲስም ያውቃል። ቦዩ የተደረመሰው ጥር ላይ መፈረም የነበረበት ወረቀት ሰኔ ላይ ስለተፈረመ ነው። ስለዚህ ብትሾም ትልቁ የምህንድስና ሥራህ ወረቀቱን ከዝናቡ ማስቀደም ነው የሚሆነው። አሰልቺ ነው። ይህ አሰልቺነት የሚያስጠላህ ከሆነ ከአሁኑ ተወው።

ሁለተኛው ምናልባት ያላሰብከው ነገር፣ ተማሪዎችህ። ባስተማርክበት ከተማ ስትሾም፣ የክፍያ ሰርተፍኬት (ለተሠራው ሥራ ገንዘብ የሚጠየቅበትን ወረቀት) ይዞ በርህን የሚያንኳኳው የሳይት መሐንዲስ ትናንት ፈተናውን ያረምክለት ልጅ ነው። አማካሪው ድርጅት ውስጥ የተቀመጠውም እንደዚያው። "ቲቸር" ብሎ ይገባል፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይልሃል፣ ከወረቀቱ ውስጥ ደግሞ ያልተቆፈረ መሬት እንደተቆፈረ ተጽፎ ታገኛለህ። ማረም ትችልበታለህ። ግን ክፍል ውስጥ ዜሮ የሰጠኸው ልጅ አኩርፎ ዶርሙ ይገባል፤ እዚህ ክፍያ የከለከልከው ሰው ደብዳቤ ጽፎ ከአንተ በላይ ያለው ሰው ቢሮ ይገባል። መከላከያህ አንድ ነው። ልኬቱ ሦስቱም ወገኖች (ተቋራጩ፣ አማካሪውና የአንተ ቢሮ) ባሉበት ሜዳ ላይ ወርደው ይለኩ፣ ይፈራረሙ፣ የሁሉም ሰው እንዲሁ ይሁን፤ ለተማሪህም ለማታውቀውም።

ቢሮው ውስጥ በዲግሪ ከአንተ የሚያንስ፣ የትኛው የውኃ መስመር በየት በኩል እንደተቀበረ ግን በቃሉ የሚያውቅ አንጋፋ ሠራተኛም ይኖራል። እሱን ሌክቸር አታድርገው። ቡና ጋብዘውና አስወራው።

እና ታዲያ መምህርነትህ ለምን ይጠቅማል? እኔ እንደሚመስለኝ ከስሌቱ ይልቅ ማስረዳቱ ነው የሚጠቅመው። የአሜሪካኑን ቫኔቫር ቡሽን እይ። የኤሌክትሪክ ምህንድስና መምህር ነበር፤ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የምህንድስና ዲን ሆኖ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940፣ አውሮፓ በጦርነት ስትታመስ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘንድ ገባ። በእጁ የያዘው አራት አጫጭር አንቀጾች የሰፈሩባት አንዲት ገጽ ነበረች። የሳይንስና የምህንድስና ምርምር ለመከላከያ የሚቀናጅበት አካል ይቋቋም የምትል። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ተፈርማለት ወጣ። ስንት ምሁር ሃምሳ ገጽ ጽፎ ባለሥልጣኑ ሳያነበው ይቀራል! አንተም የቦዩን ጉዳይ ለካቢኔ በአንድ ገጽ፣ አጥሩ ለሚነሳበት የቀበሌ ነዋሪ ደግሞ በአምስት ደቂቃ ማስረዳት ከቻልክ፣ ግማሹን መንገድ ሄደሃል።

ከእኛው አገር ዶክተር ኢንጂነር ስለሺ በቀለ አሉልህ። የአርባ ምንጭ ውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን መርተዋል፤ ድሬዝደን የሠሩት የዶክትሬት ጥናታቸው በአባያና ጫሞ ተፋሰስ ላይ ነበር፣ በቂ መረጃ በሌለበት ሁኔታ የውኃ ሀብትን ለተለያየ ልማት እንዴት ማቀድ እንደሚቻል። ቀጥለው በዓለም አቀፍ የውኃ ምርምር ተቋም ሠሩ፣ በ2009 ዓ.ም. የውኃ፣ መስኖና ኤሌክትሪክ ሚኒስትር ሆኑ፣ እስከ 2014 መጀመሪያም ቆዩ። የሕዳሴ ግድብ ድርድርና የ2012ቱ የመጀመሪያ ሙሌት በእሳቸው ዘመን የሆነ ነው። በኋላ በዋሽንግተን አምባሳደር ሆነዋል። የጥናታቸው ርዕስ ይገርመኛል፤ መረጃው ሳይሟላ ማቀድ ማለት የሹመት ሥራ ራሱ ነው። ክፍል ውስጥ "ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል" ብለህ ወረቀትህን መዝጋት ትችላለህ። ኃላፊ ስትሆን ግን ጥናቱ ተሟላም አልተሟላም ሰኔ 30 ይመጣል። የድርድሩ ጠረጴዛም እንደዚያው ነው፤ በድርቅ ዓመት ስንት ውኃ ይለቀቅ የሚለው ስሌት ይመስላል፣ ግን በስሌት ብቻ አያልቅም።

(በነገራችን ላይ ይህ ነገር ለሰሜን ሸዋ አዲስ አይደለም። አልፍሬድ ኢልግ የተባለው ስዊዛዊ መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ምኒልክ ዘንድ ሲመጣ የእጅ ሙያ ነበር የሚፈለግበት። አዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፣ ባቡሩ ውስጥ እጁ አለበት፣ መጨረሻ ላይ የውጭ ጉዳይ አማካሪ ሆኖ አረፈው። መምህር አልነበረም እንጂ ለአንተ ጥሩ ምሳሌ ይሆን ነበር።)

አሁን ወደ ውሳኔው። ከእናትህና ከባለቤትህ ማን ልክ ናት ካልከኝ፣ ትምህርትህ የቱ ጋ እንደደረሰ ነው የሚወስነው። መረጃህን ሰብስበህ ጨርሰህ መጻፍ ብቻ ከቀረህ ባለቤትህን ስማ። የተቋረጠ ዶክትሬት መልሶ የሚነሳው ስንት አንዴ ነው፤ ሹመቱ ግን ለሚሠራ ሰው ተመልሶ ይመጣል። ገና ኮርስ ላይ ከሆንክና ርዕስህ ካልጸደቀ ደግሞ ግባበት፣ ርዕስህንም እዚያው ከምትሠራው ነገር ምረጥ፤ ከተማዋ ውስጥ የሚደረመስ ቦይ ሞልቶልሃል።

ከገባህ መመለሻህን አስተካክለህ ግባ። ሹመት የቅጥር ውል አይደለም። ከንቲባው ያቀርብሃል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቅሃል፣ ሲነሱ አብረህ ልትነሳ ትችላለህ። ወደ ማስተማሩ እንዴት እንደምትመለስ ከዩኒቨርሲቲው በደብዳቤ ያዝ። "አይዞህ፣ ቦታህ ይጠበቅልሃል" የሚል የቃል ተስፋ አለቃው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ከተፈቀደልህ አንድ ኮርስ ወይም ጥቂት የመመረቂያ ጽሑፍ ተማሪዎች አታጣ። የሕንዱ አብዱል ከላም ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት በቼናይ አና ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥልጣኑን ሲያስረክብ ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። ማንም እንደተሻረ ሰው አላየውም።

በጎን የምትሠራው የማማከር ሥራ ካለ ዝጋው፣ በጓደኛህ ስም ማዞሩም መዝጋት አይባልም። የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ ሕጉ ተሿሚን ይመለከታል፤ መጀመሪያ ሰሞን ያለህን ሁሉ አስመዝግበህ ገላገል በል።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነው ያለሁት፣ 12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ወደፊት ባለሥልጣን መሆን እፈልጋለሁ። ኢንጂነሪንግ ይሻለኛል ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ብማር ይሻል ነበር?

መልስ፦ ልጄ፣ ለሥልጣን ብለሽ ኢንጂነሪንግ አትግቢ። የቻይናዎቹ ሁ ጂንታኦና ሺ ጂንፒንግ ሁለቱም የቺንግዋ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ምሩቃን ናቸው፤ ግን እዚያ ያደረሳቸው ዲግሪው ሳይሆን በፓርቲው ውስጥ ያሳለፉት ረጅም ዘመን ነው። እኛም ጋ ለዓመታት ከመቶ 70 ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተብሎ መሐንዲሱ በዛ፤ ሁሉም ኃላፊ አልሆነም፣ ሥራ ያላገኘውም ብዙ ነው። ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስደስቱሽ ከሆነ ግቢበት። ባለሥልጣንነቱን ከፈለግሽ ደግሞ አሁኑኑ የክፍል አለቃ ሁኚና ሰው ማስታረቅ ተለማመጂ።

ጥያቄ፦ ከመንዝ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ መምህር ነበር፣ አሁን ተሹሟል። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ "ልጄን አስቀጥሪልኝ"፣ "ጨረታውን ንገሪልኝ" እያለ እኔ ቤት ይመጣል። እምቢ ስል "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይሉኛል። ተጨነቅኩ።

መልስ፦ እትዬ፣ መምህር የነበረ ሰው ሲሻር ተመልሶ ቾኩን ያነሳል፣ ምኑ ይቆጨዋል! እንግዳውን ያስተናግዱ፣ ጠላውንም ያቅርቡ፤ መልእክት ግን አይቀበሉ። ሥራ ሲወጣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል፣ ጨረታም በጋዜጣ ይወጣል። "ማስታወቂያ ሲወጣ እነግራችኋለሁ" ይበሏቸው፣ ደግሞም ሲወጣ የእውነት ይንገሯቸው። ወንድምዎ ላይ አንድም ስም አይጫኑበት። በተረፈ እሱንም ቤተሰቡ ፊት አንዴ ቁርጡን ይናገር ይበሉት፤ የእርስዎ እምቢታ ብቻውን ለዘመድ አይበቃም።